የሬዲዮካርቦን ዕድሜን ወደ ዘመን መለወጥ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ዙሪያ ለሚወሰዱ ናሙናዎች

ከደሴ ዙሪያ የተወሰደ ከሰል፣ አጥንት ወይም ብራና ተመርምሮ ሲመለስ ወረቀቱ ላይ «1000 ± 27» ዓይነት ቁጥር ይገኛል። ይህ ቁጥር ገና ዘመን አይደለም። በናሙናው ውስጥ የቀረው ካርቦን-14 (ሕያው ነገር ከሞተ በኋላ እየቀነሰ የሚሄድ ራዲዮአክቲቭ የካርቦን ዓይነት) በአንድ በተስማሙበት ቀመር ወደ «ዕድሜ» የተለወጠበት ጥሬ ውጤት ነው። ቀመሩ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን-14 ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንደነበረ አድርጎ ያሰላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የፀሐይ እንቅስቃሴና የመሬት መግነጢሳዊ ኃይል ሲለዋወጥ፣ ውቅያኖስም ካርቦን ሲያስገባና ሲያስወጣ መጠኑ ከፍ ዝቅ ሲል ኖሯል። ይህን ከፍታና ዝቅታ ዕድሜያቸው በቀለበት ከተቆጠረ ዛፎችና ከሌሎች መዛግብት ሰብስቦ የያዘው የካሊብሬሽን ኩርባ ነው። ጥሬውን ዕድሜ በኩርባው ላይ አሳርፎ ዘመን ማውጣት ካሊብሬሽን ይባላል።

ሶፍትዌሩ ይህን በሰከንዶች ይጨርሳል። ችግሩ የሚመጣው ከሶፍትዌሩ በፊትና በኋላ ነው፤ የመመሪያው ትልቁ ክፍልም እዚያ ላይ ያተኩራል።

1. ወረቀቱን መፈተሽ

ወደ ኮምፒውተር ከመሄድዎ በፊት የላብራቶሪው መለያ ቁጥር፣ ጥሬው ዕድሜ ከነስሕተቱ፣ የዴልታ 13 ካርቦን ዋጋ (የካርቦን-13 እና የካርቦን-12 ንጽጽር መለኪያ) እና ናሙናው የታጠበበት መንገድ መጻፋቸውን ይመልከቱ። አንዱ ከጎደለ ላብራቶሪውን ይጠይቁ።

ስሌቱን በካልኩሌተር ማረጋገጥ ይቻላል። ዕድሜው የቀረው የካርቦን-14 ክፍልፋይ (ለ1950 እ.ኤ.አ. ከተወሰነው መነሻ መጠን ጋር ሲነጻጸር) ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም በ−8033 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ክፍልፋዩ 0.8830 ± 0.0030 ከሆነ ዕድሜው 1000 ገደማ ይወጣል። ስሕተቱ ደግሞ 8033 × 0.0030 ÷ 0.8830፣ ማለትም 27 ነው። ይህ ± አንድ ሲግማ (አንድ መደበኛ ልዩነት) ብቻ ስለሆነ እውነተኛው ጥሬ ዕድሜ ከእሱ ውጭ የመሆን ዕድሉ ከሦስት አንድ ያህል ነው።

8033 የተገኘው የሬዲዮካርቦን ዘዴ መሥራች ዊላርድ ሊቢ ከተጠቀመበት የ5568 ዓመት ግማሽ ዕድሜ ነው። በኋላ የተገኘው የተሻለ ዋጋ 5730 ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ዕድሜውን በ1.03 አባዝቶ «ማስተካከል» ያምረዋል። አያባዙ። ኩርባው ራሱ በ5568 የተሠራ ስለሆነ ልዩነቱ ካሊብሬት ሲደረግ በራሱ ይጠፋል፤ አስቀድሞ ያባዛ ሰው ሁለት ጊዜ ያርማል። በድሮ ጽሑፎች ውስጥ የተባዛ ዕድሜ ካጋጠመዎት በ1.03 አካፍለው ወደ ጥሬው ይመልሱት።

የዴልታ 13 ካርቦን እርማት ለእኛ አገር እህል ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስርና አብዛኛው ዛፍ ዋጋቸው ከ−25 በሺህ ብዙም አይርቅም። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ግን በሌላ የፎቶሲንተሲስ መንገድ ስለሚያድጉ ወደ −12 ይጠጋሉ። ላብራቶሪዎች ሁሉንም ወደ −25 አስተካክለው ሪፖርት ማድረግ አለባቸው። እያንዳንዱ አንድ በሺህ 16 ዓመት ያህል ስለሚያዛባ ያልተስተካከለ የጤፍ ወይም የማሽላ ፍሬ ከእውነተኛው ዕድሜ 210 ዓመት ያህል ወጣት መስሎ ይታያል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፊት የታተመ ውጤት ሲያነቡ እርማቱ መደረጉን ይጠይቁ። ዋጋው ካልተጻፈና ናሙናው የማሽላ ፍሬ ከሆነ ያንን ውጤት ለዘመን ሥራ አይጠቀሙበት።

2. ናሙናው የምን ዘመን ይናገራል?

ካርቦን-14 የሚነግረን ያ ሕያው ነገር ካርቦን መውሰድ ያቆመበትን ጊዜ ነው። ምድጃው የነደደበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ የታነጸበት ወይም መጽሐፉ የተጻፈበት ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው።

እንጨት ላይ ስሕተቱ የከፋ ነው። ጽድና ወይራ ለመቶ ዓመታት ይቆማሉ። ግንዱ መሀል ያለው ቀለበት ዛፉ ከመቆረጡ ከብዙ ጊዜ በፊት ሞቷል፤ ደረቅ ጽድ ደግሞ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ይዞራል። ስለዚህ ከሰሉን ከመላክዎ በፊት የእንጨቱን ዓይነት በማይክሮስኮፕ ያስለዩ። ቅርንጫፍ፣ ቅርፊት የቀረበት የውጭ ቀለበት ወይም የእህል ፍሬ ካለ ከግንድ ከሰል ይቅደም። መለየቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ ከሰሉ ባሕር ዛፍ ሆኖ ከተገኘ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊት ሊሆን አይችልም። ኩርባው ምንም ቢል ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው።

የአፈሩ ጠባይም ይታሰብ። በኮምቦልቻ ሜዳና በቦርከና ዳር ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላይ ያለ ከሰልና ፍሬ በስንጥቁ ገብቶ ታችኛው ንብርብር ላይ ያርፋል። ምስጥና አይጥም ያንኑ ይሠራሉ። ዋልካ ላይ አንድ ብቻውን የተገኘ ፍሬ አይላኩ፤ ከምድጃ ውስጥ፣ ከጎተራ ጉድጓድ ወይም በአንድ ቦታ ተከማችቶ ከተገኘ እህል ይምረጡ።

ለኤ.ኤም.ኤስ መለኪያ (የካርቦን-14 አቶሞችን በቀጥታ ለሚቆጥረው መሣሪያ) መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገው 1 ሚሊግራም ያህል ንጹሕ ካርቦን ነው። መታጠቡ ብዙ ስለሚያስቀር ከሰል ከ20 እስከ 50 ሚሊግራም፣ ብራና 20 ሚሊግራም ያህል፣ አጥንት ከግማሽ እስከ 1 ግራም ይላኩ። አጥንት የሚመረመረው በውስጡ ባለው ፕሮቲን፣ በኮላጅኑ ነው፤ ኮላጅን ደግሞ በሙቀት ይጠፋል። ከደሴ ደጋ የተገኘ አጥንት ከቆላው የተሻለ ተስፋ አለው። ውጤቱ ሲመጣ የካርቦንና የናይትሮጅን ንጽጽሩ ከ2.9 እስከ 3.6 ውስጥ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ዕድሜውን አይቀበሉ።

ናሙናውን በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅልሉ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት። ጥጥ፣ ወረቀትና ሙጫ ራሳቸው ካርቦን ናቸው። እርጥብ ሆኖ ከታሸገ ይሻግታል፣ ሻጋታም የዘንድሮን ካርቦን ያስገባል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በጥላ ይድረቅ። ብራና ላይ የሻማ ጠብታ፣ ቅባትና ዕጣን ያለበትን ጠርዝ ይዝለሉት። የፓራፊን ሻማ ከነዳጅ የተሠራ ነው፤ ካርቦን-14 የለውም፣ ስለዚህ ያስረጃል። ቅርስ የሆነ ነገር ለምርመራ ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ሳይያዝ ናሙናው አይቆረጥም።

ብክለት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ማየት ይሻላል። እውነተኛ ዕድሜው 5000 የሆነ ናሙና ውስጥ 1 በመቶ የአሁን ካርቦን ከገባ ውጤቱ 4930 አካባቢ ይሆናል፤ የሚቻል ነው። 40,000 ዓመት የሆነው ላይ ያው 1 በመቶ ሲገባ ግን ውጤቱ ወደ 32,800 ይወርዳል። በተቃራኒው 1 በመቶ የነዳጅ ካርቦን የየትኛውንም ዘመን ናሙና 80 ዓመት ያህል ያስረጃል።

3. የትኛው ኩርባ?

አሁን በሥራ ላይ ያሉት በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡት ሦስቱ ናቸው፦ ለሰሜን ንፍቀ ክበብ ኢንትካል20፣ ለደቡብ ኤስኤችካል20፣ ለባሕር ፍጥረታት ማሪን20። ኢንትካል20 እስከ 55,000 ዓመት ድረስ ይሄዳል።

ደሴ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ኢንትካል20 ተመርጦ ይታለፋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኩርባውን የሚወስነው ተክሉ ሲያድግ የተነፈሰው አየር ከየት እንደመጣ ነው። የሰሜኑና የደቡቡ ነፋስ የሚገናኙበት መስመር በክረምት ከወሎ አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዝናቡ ጋር ወደ እኛ ከሚደርሰው አየር ብዙው ከደቡብ ነው፤ በበጋ ደግሞ መስመሩ ወደ ደቡብ ስለሚወርድ የሰሜኑ አየር ይመጣል። የደቡቡ አየር ካርቦን-14 በትንሹ ይጎድለዋል። በዚህ ምክንያት በአንድ ዘመን የበቀሉ ሁለት ተክሎች ቢለኩ የደቡቡ በአማካይ 36 ዓመት ያረጀ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ያው ጥሬ ዕድሜ በኤስኤችካል20 ሲታይ ዘመኑ ከኢንትካል20 ይልቅ ወደ እኛ ይቀርባል።

36 ዓመት ለአክሱም ዘመን ጥናት ምንም ላይመስል ይችላል። አንድን ሕንፃ ከአንድ ንጉሥ ዘመን ጋር ለማያያዝ ሲፈለግ ግን ሙሉ የንግሥና ዘመን ነው። የመኸር ገብስና የበልግ ገብስም የተነፈሱት አየር አንድ አይደለም፤ ደቡብ ወሎ ደግሞ ሁለቱም የሚዘሩበት አገር ነው። ከተቃጠለ ፍሬ ላይ ወቅቱን መለየት አይቻልም።

የምንመክረው ይህን ነው፦ ናሙናውን ሦስት ጊዜ ያስሉ፤ በኢንትካል20፣ በኤስኤችካል20፣ ከዚያም ሁለቱን በመቀላቀል። ኦክስካል በሚባለው የካሊብሬሽን ሶፍትዌር ውስጥ «ሚክስ ከርቭስ» የሚባል ትእዛዝ አለ። የደቡቡን ድርሻ ከ0 እስከ 100 በመቶ ክፍት ይተውለት። ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው የቅልቅሉ ውጤት ይሁን፣ ሌሎቹ ሁለቱ በአባሪ ይቀመጡ። ሦስቱ የተለያየ ታሪክ የሚናገሩ ከሆነ ጥያቄዎ በአንድ ናሙና የሚመለስ አይደለም ማለት ነው። «50 በመቶ» ብሎ ድርሻውን ቆርጦ ማስገባት ክልሉን ያጠባል፣ ሥዕሉንም ያሳምራል፤ ግን ቁጥሩ ከየት መጣ ሲባል መልስ የለውም።

ከ1950 እ.ኤ.አ. በኋላ የበቀለ ነገር ሌላ ኩርባ ይፈልጋል። የኑክሌር ሙከራዎች በሰሜኑ አየር የነበረውን ካርቦን-14 በ1963 እና 1964 እጥፍ ሊያደርሱት ተቃርበው ነበር። ክፍልፋዩ ከ1 በላይ ከሆነ የድኅረ ቦምብ ኩርባ ይጠቀሙ። ይህ «ጥንታዊ» ተብሎ የሚሸጥን አዲስ ብራና ያጋልጣል። ግን ይጠንቀቁ፦ በነዳጅ ጭስ የተነሳ የአየሩ መጠን አሁን ወደ 1 ተመልሶ ወርዷል፤ የዚህ ዘመን ቆዳ ከቦምቡ በፊት ከነበረው ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

ከቀይ ባሕር ወይም ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎል ወሎ ላይ ቢገኝም በማሪን20 ይሠራል፤ የትኛው ባሕር እንደሆነ ካልታወቀ ግን የአካባቢው ልዩ እርማት አይገኝም። ያኔ ዛጎሉን ትተው አብሮት የተገኘውን እህል ይላኩ።

4. ከሐይቅና ከአርዲቦ የሚወሰድ ደለል

ሐይቅና አርዲቦ ከተባሉት ሁለት ሐይቆች በቱቦ የሚወጣ ደለል ላይ የራሱ ወጥመድ አለ። በውኃ ውስጥ የሚበቅል ተክል፣ ቀንድ አውጣና ዓሣ ካርቦናቸውን የሚያገኙት ከውኃው ነው። ውኃው ከዓለት ወይም ከአፈር የተሟሟ አሮጌ ካርቦን ካለው ዕድሜያቸው ያላግባብ ይረዝማል። ከዳገቱ ታጥቦ የገባ አሮጌ አፈርም እንዲሁ።

መፍትሔው ልዩነቱን መለካት ነው። ከአንድ ጥልቀት የየብስ ቅጠል ወይም ቀንበጥ እና የደለሉን ጅምላ ካርቦን ለየብቻ ያስመርምሩ። ቀንበጡ 1850 ± 30፣ ጅምላው 2200 ± 30 ከሆነ ልዩነቱ 350 ነው፤ ስሕተቱ ደግሞ የ30ና የ30 ካሬዎች ድምር ሥር፣ ማለትም 42። ልዩነቱን የሚቀንሱት ከጥሬው ዕድሜ ላይ ነው፣ ካሊብሬት ከመደረጉ በፊት። ካሊብሬት ከተደረገ ዘመን ላይ 350 መቀነስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጥሬ ዓመትና የዘመን ዓመት እኩል ርዝመት የላቸውም። አንድ ጥልቀት ላይ የተገኘ ልዩነት ለሙሉው ደለል አይበቃም። የሐይቁ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱም ይለወጣል፤ ቢያንስ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ይለካ።

ለንጽጽር የአሁን ተክል ሲወስዱ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አጠገብና ከአስፋልቱ ዳር አይውሰዱ። የናፍጣ ጭስ የተነፈሰ ቅጠል ሳያረጅ ያረጀ ይመስላል።

5. ሶፍትዌሩ ላይ

ኦክስካልና ካሊብ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ኦክስካል በኢንተርኔት ይሠራል፤ አውርዶ ኮምፒውተር ላይ መጫንም ስለሚቻል ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ይሻላል። የሚገባው ስም፣ ጥሬ ዕድሜና ስሕተት ነው። ካሊብሬት የተደረገ ቁጥር ከሰው ጽሑፍ ላይ ወስዶ መልሶ ማስገባት ያጋጥማል፤ ሶፍትዌሩ አይከለክልም፣ ሥዕሉም ትክክል ይመስላል። ከዚያ ኩርባውን ይምረጡና 68.3 እና 95.4 በመቶ ሁለቱም እንዲታዩ ያድርጉ። ለጽሑፍ የሚውለው 95.4 ነው።

6. ሥዕሉን ማንበብ

እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። ኩርባው በአንዳንድ ዘመን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በአንዳንዱ ይተኛል፣ በአንዳንዱም ወደኋላ ይታጠፋል። የመልስዎ ስፋት በላብራቶሪው ጥራት ብቻ ሳይሆን በዚህ ይወሰናል። የሚከተሉት ሁሉም በኢንትካል20 ናቸው።

13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ዕድል ቀንቶናል። ጥሬ ዕድሜው 760 ± 30 የሆነ ናሙና ከ1220 እስከ 1290 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባለው አንድ ጠባብ ክልል ያርፋል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ የነበሩበት ዘመን እዚህ ውስጥ ነው። ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ግን 600 ± 30 ከ1300 እስከ 1410 ድረስ በሁለት ጉብታ ይከፈላል።

ከ1650 እስከ 1950 ድረስ ያለው ደግሞ የሚያናድድ ነው። 150 ± 30 የሆነ ናሙና ከ1660ዎቹ ጀምሮ እስከ 1950 በተበታተኑ ክፍልፋዮች ላይ ይወድቃል። የቦሩ ሜዳው ጉባኤ የተደረገው በ1878 እ.ኤ.አ. ነው፤ የንጉሥ ሚካኤል ደሴም ከዚያ በኋላ የመጣች ናት። ከእነዚያ ዓመታት የተረፈ አግዳሚን በአንድ የካርቦን ምርመራ ከ1700 መለየት አይቻልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕንፃ ገንዘቡን ለሰነድ ፍለጋና ለቃል ታሪክ ማዋል ይሻላል። ብራናም ላይ ያው ነው፤ የ18ኛውንና የ19ኛውን ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ከካርቦኑ ይልቅ የፊደሉ አጣጣል ይለየዋል።

ሦስተኛው ክፉ ቦታ ከ800 እስከ 400 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ጠፍጣፋ ነው። 2450 ± 30 ከ750ዎቹ እስከ 410 ድረስ ይዘረጋል። ይህ ልክ የይሐና የቅድመ አክሱም ዘመን ነው፤ ከወሎ በዚያ ዘመን የሚገመት ቦታ ሲገኝም ያንኑ ችግር ይወርሳል። ስሕተቱን ከ30 ወደ 15 ለማውረድ ተጨማሪ መክፈል እዚህ ብዙም አይጠቅምም፤ ኩርባው ተኝቷልና።

የክልሉን መሀል ወስዶ «ዘመኑ ይህ ነው» ማለት አይቻልም። በሁለት ጉብታ መሀል ያለው ዓመት ብዙ ጊዜ ከሁሉም ዓመታት ያነሰ ዕድል ያለው ነው።

7. ከአንድ በላይ ውጤት ሲኖር

ሁለት ውጤቶችን አዋህዶ አማካይ መውሰድ የሚፈቀደው ከአንድ ነገር ሲመጡ ነው፦ ከአንድ አጥንት፣ ከአንድ ቅጠል ብራና። በአንድ ንብርብር መገኘት ብቻ አይበቃም። አስቀድሞ መስማማታቸው ይፈተን። 1010 ± 25 እና 985 ± 28 ካሉ የልዩነታቸው ካሬ 625፣ የስሕተቶቻቸው ካሬዎች ድምር 1409፤ ሲካፈል 0.44። ለሁለት ውጤቶች የ95 በመቶው ገደብ 3.84 ስለሆነ ይስማማሉ፣ የተመዘነው አማካይም 999 ± 19 ይሆናል። ውጤቱ ከገደቡ ካለፈ አያዋህዱ፤ አንዱ ናሙና ተበክሏል ወይም ነገሩ አንድ አይደለም።

የንብርብር ቅደም ተከተል ካለ ደግሞ ኦክስካል የቤይዝን ስሌት ይጠቀማል፤ ታችኛው ከላይኛው ይቀድማል የሚለውን መረጃ ጨምሮ ክልሎቹን ያጠባል። ከመጀመሪያው ንብርብር በፊትና ከመጨረሻው በኋላ ወሰን ማስገባት አይርሱ፤ ካልገባ ውጤቶቹ ከእውነቱ በላይ ይለጠጣሉ። የስምምነት መለኪያው ከ60 በታች የወረደ ናሙና ካለ ወዲያው ከመጣል ይልቅ የቁፋሮ ማስታወሻውን ይክፈቱ፤ ዋልካ ስንጥቅ ወይም የጽድ ግንድ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

8. አቆጣጠሩ

የውጭ መመሪያዎች የማይነግሩት፣ የእኛ ሰው ግን ደጋግሞ የሚሳሳትበት ይህ ነው። በሬዲዮካርቦን «ከዛሬ በፊት» ሲባል ዛሬ ማለት 1950 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1942 ዓ.ም.። ከያዝነው ዓመት ላይ መቀነስ፣ ወይም ከ1950 ዓ.ም. ላይ መቀነስ ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ስሌቱን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ይጨርሱ፤ ወደ ዓ.ም. የሚለውጡት አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ። ለክልሉ መጀመሪያ 8፣ ለመጨረሻው 7 ይቀንሱ፤ 1220–1290 እ.ኤ.አ. 1212–1283 ዓ.ም. ይሆናል። ቁጥሮቹን ወደ ውጭ ወደ 10 ማጠጋጋት ካለብዎት ከመለወጡ በፊት ያጠጋጉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ግን ሳይለውጡ ይተዉት። በፈረንጁ አቆጣጠር ዜሮ ዓመት ስለሌለ ከልደት በፊት ያለው የሚገኘው ካሊብሬት ከተደረገው ዕድሜ ላይ 1949 ሲቀነስ ነው፤ 2500 ከሆነ 551 ከክርስቶስ ልደት በፊት። በየገጹ ከቁጥሩ አጠገብ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ይጻፍ፤ መቅድም ላይ አንድ ጊዜ ማስታወቅ አይበቃም፤ ሰው ሰንጠረዡን ለብቻው ቆርጦ ይወስዳልና።

ለሪፖርቱ በአንድ መስመር የሚጻፈው፦ የላብራቶሪ ቁጥር፣ የናሙናው ዓይነት እስከ ዛፉ ወይም እህሉ ስም፣ ጥሬ ዕድሜ ከነስሕተቱ፣ ዴልታ 13 ካርቦን፣ ኩርባው፣ የሶፍትዌሩ ስምና ዕትም፣ የ95.4 በመቶ ክልሎች ሁሉ ከየድርሻቸው። ዴልታው የተለካው በኤ.ኤም.ኤስ መሣሪያው ላይ ከሆነ ያንን ይግለጹ፤ ለእርማት ይበቃል፣ አመጋገብን ለማጥናት ግን አይሆንም። ከሁሉም በላይ ጥሬው ዕድሜ ከሪፖርቱ አይጥፋ። ከኢንትካል20 በፊት በ2013፣ ከዚያም በፊት በ2009 እና በ2004 የወጡ ኩርባዎች ነበሩ፤ ቀጣዩም ሲመጣ እንደገና የሚሰላው ከጥሬው ቁጥር ነው።